ቆሻሻ የሚጠጣው አረም፦ ከሾላ ገበያ ቦይ እስከ አባ ሳሙኤል



በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ መግባት ትከሻም ትዕግሥትም ይጠይቃል። በአንድ በኩል ለጋ ቅቤ፣ በሌላ በኩል በርበሬና ኮረሪማ ይሸታል፤ ከፊት ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ከኋላ የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ ይገፋል። በዚህ ግርግር መሐል መሬት ላይ የተከመረ እርጥብ አረንጓዴ ነዶ አለ። ሻጯ ቶሎ ቶሎ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። «እማማ፣ ይውሰዱ፤ ዛሬ የታጨደ ነው» ትላለች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለሚያልፉ እናት። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አንድ ዘንግ ይመዝዙና በጣታቸው ሰበር አድርገው ያሸታሉ። ሽታው ከወደዳቸው ሁለት እስር ይገዛሉ። ቤት ሲደርስ ቄጤማው ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላበታል፤ ቤቱ ዓመት በዓል ዓመት በዓል ይሸታል።

እኚህ እናት የሰበሩትን ዘንግ ቀረብ ብሎ ላየው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የሳሳና ነጣ ያለ። ቄጤማ እግሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ተክል ነው። ጭቃ ውስጥ አየር የለም። ስለዚህ ተክሉ ከላይ ያገኘውን አየር በዚያ ስፖንጅ በኩል ቁልቁል ወደ ሥሩ ይልካል። ከሥሩም ጥቂቱ ሾልኮ ወደ ጭቃው ይገባል። የዛሬው ዝግጅት የሚዞረው በዚህች ከሥር በምትሾልክ ጥቂት አየር ዙሪያ ነው፤ ምክንያቱም የቆሸሸ ውሃን በተክል ማጽዳት የሚባለው ሥራ ከእሷ ይጀምራል።

ከቄጤማው ተራ ጥቂት ወረድ ሲባል ማንም ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ፤ ቦዩ። ጎመን የታጠበበት፣ ዕቃ የተለቀለቀበት፣ ሳሙና የሟሟበት ውሃ በዚያ ይወርዳል። የረገፈ የሰላጣ ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቲማቲምም አብሮ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደዋል። የገበያ ሰው «ጎርፉ አጸዳልን» ይላል። እውነት ነው፣ ገበያው ጸድቷል። ቆሻሻው ግን ሰፈር ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ሾላ ያለበት የካ ክፍለ ከተማ ተራራ ተንተርሶ የተቀመጠ ሰፈር ነውና ውሃ እዚያ ቆሞ አያድርም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ሰንሰለት ቀበናና ሌሎች ጅረቶች ይነሣሉ፤ በመንገዳቸው የየሰፈሩን ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። በከተማው ምዕራብ በኩል ደግሞ ትንሹ አቃቂ የራሱን ጭነት ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት ከከተማው በስተደቡብ፣ በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከዚያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል፤ በአዋሽም ወደ ቆቃ ይሄዳል። እንግዲህ ሾላ ላይ የፈሰሰ የሳሙና ውሃ ጉዞው ረጅም ነው።

አባ ሳሙኤል በታሪክ የከበረ ስም አለው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለአዲስ አበባ አምፖሎች መብራት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ አቁሞ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ እንደገና ማመንጨት ጀምሯል። ሐይቁን ለማየት የሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ውሃ አይደለም፤ ሜዳ የሚመስል አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ከብት የሚሰማራበት መስክ ነው ብሎ እግሩን ቢያሳርፍ ይሰምጣል። ምንጣፉ እምቦጭ ነው።

እምቦጭ የዚህ አገር ልጅ አይደለም። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። አበባው እጅግ ያማረ ነው፤ ሐምራዊ ሆኖ ከላይኛው መልካበት ላይ እንደ ዓይን ያለ ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ሰዎችም ለዚህ ውበቱ ሲሉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከአህጉር አህጉር ይዘውት ዞሩ። በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በጋምቤላ ወንዞችም ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ሕዝቡ በስም ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ነው።

አንዱን እምቦጭ ከውሃው ነቅሎ በእጅ መያዝ ብዙ ያስተምራል። ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሰም የተቀባ ይመስላል። የቅጠሉ አንገት እንደ ትንሽ ኳስ አብጧል፤ በቢላ ሲከፈል ውስጡ የቄጤማውን ዘንግ የመሰለ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው። ተክሉን ያለ መሬት የሚያንሳፍፈው ይህ ነው። ትልቁ ጉድ ያለው ግን ከታች ነው። ከቅጠሉ ሥር ጥቁር ሐምራዊ የሆነ፣ ላባ የመሰለ የሥር ጭራ ይንጠለጠላል። ጣት ሲገባበት ያንሸራትታል። ያ የሚያንሸራትተው ነገር ጭቃ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ ላይ ሰፍረው የሚኖሩ የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሽፋን ነው። ላባው በጣም ቀጫጭን ክሮች ስላሉት የአንድ ተክል ሥር ለባክቴሪያዎቹ ሰፊ መንደር ይሆናል።

አሁን ወደ ቦዩ ውሃ እንመለስ። የጎመን ቅጠል ሲበሰብስ፣ ሽንት ሲቀላቀል፣ የሳሙና ዱቄት ሲሟሟ ውሃው ውስጥ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ገበሬ ያውቃቸዋል፤ በዩሪያና በዳፕ ስም ከረጢት ገዝቶ ማሳው ላይ ይበትናቸዋል። ከተማው ደግሞ ያንኑ ማዳበሪያ በነጻ ወደ ወንዝ ያፈሳል። ለእምቦጭ ይህ የተዘረጋ ማዕድ ነው። በሙቀትና በማዳበሪያ የታገዘ እምቦጭ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። ጥጋቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል፤ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ይሁን ቢባል፣ ዛሬ አሥር ተክል ያለበት ኩሬ በስድስት ወር ውስጥ ከ80,000 በላይ ይኖረዋል።

ስለዚህ በአባ ሳሙኤል ላይ የተዘረጋው አረንጓዴ ምንጣፍ ድንገት የወረደ መቅሰፍት አይደለም። ከተማው የዘራው ነው። ሐይቁ ላይ ቆሞ አረሙን የሚረግም ሰው የሚረግመው በገዛ ቦዩ የላከውን፣ ቅጠል ሆኖ የተመለሰውን ማዳበሪያ ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂ አእምሮ ያለው ሰው አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም፤ ይህ ተክል ቆሻሻውን እየበላ የሚያድግ ከሆነ ለምን አናሠራውም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢል ዎልቨርተን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚሲሲፒ ግዛት በናሳ ማዕከል ውስጥ ይህንኑ ጠየቀ። ናሳ ጠፈርተኛ በረጅም ጉዞ ላይ ቆሻሻውንና አየሩን እንዴት ያጣራል የሚለው ያስጨንቀው ነበር። ዎልቨርተን የአካባቢውን ቦዮች ዘግቶ ሰው ያስመረረውን እምቦጭ ወስዶ በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ላይ አሰማራው። ውሃው ጠራ። ሽታው ቀነሰ። ማዕከሉም የራሱን ፍሳሽ በዚሁ ዘዴ ወደ ማከም ገባ። ይኸው ሰው በኋላ የቤት ውስጥ ተክሎች አየር እንዴት እንደሚያጣሩ ባደረገው ጥናት ስሙ ናኝቷል።

የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። ፍሳሹ ከሥሩ ላባ ጋር ሲገናኝ፣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ቆሻሻ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ውሃው የሚጠራው በመጀመሪያ በዚህ ነው። ቀጥሎ በሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የተጣበቀውን ቆሻሻ ይበላሉ፤ ሲበሉም አየር ይፈልጋሉ፤ ተክሉ በስፖንጁ በኩል ቁልቁል የሚልከው ጥቂት አየር ለዚህ ይውላል። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ሰባብረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያደርጉታል፤ ተክሉ ደግሞ እነዚያን መጦ ቅጠልና ግንድ ያደርጋቸዋል። በውሃው ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስ ወይም ካድሚየም የመሰለ ከባድ ብረት ካለም ሥሩ ይስበዋል፤ የሳበውን አብዛኛውንም እዚያው ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል። መብራት አያስፈልግም፤ ፓምፕ አያስፈልግም። ፀሐይ ትበቃለች።

በሕንድ ኮልካታ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ 12,500 ሄክታር የሚሆን ረግረግ አለ። የከተማው ፍሳሽ ወደዚያ ይገባል፤ ዓሣ አርቢዎች ደግሞ በኩሬዎቹ ዳር ዳር እምቦጭን በአጥር ከልለው ያቆዩታል፤ ማዕበል ይመልሳል፣ ከፍሳሹም ብዙውን መጥፎ ነገር ይመጥጣል። ረግረጉ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም አቀፉ የረግረግ መሬቶች (የራምሳር) ስምምነት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወደ ቤታችን ቀረብ ብለን ካምፓላን ብናይ ደግሞ፣ የኡጋንዳ ዋና ከተማ ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት በናኪቩቦ ረግረግ ያልፋል። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ተክል ነው፤ ደንገል። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት፣ የቄጤማም የቅርብ ዘመድ የሆነው ያው ደንገል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው እምቦጭ በረከት ነው» የሚል ካለ ግን ይቆይ። ጣናን እናስታውስ። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል ባለው ዳርቻ ገበሬው ውሃ እስከ ደረቱ ገብቶ፣ አልቅት እየመጠጠው፣ አረሙን በእጁ ሲጎትት ዓመታት አልፈዋል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት አጥቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል የአንድ ወር የነቀላ ዘመቻ ባወጀ ጊዜ ከየአቅጣጫው ሰው የተመመው ጉዳዩ የአበባ ጉዳይ ስላልነበረ ነው። አረሙ ውሃውን ሲሸፍን ከታች አየር ያጥራል፤ ዓሣ ይታፈናል። ከክፍት ውሃ ይልቅ እምቦጭ ከለበሰ ውሃ ብዙ ተን ይወጣል። በቅጠሉ ሥር ትንኝ ይራባል። ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል።

ተክሉ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ቦታ አገልጋይ በሌላው አጥፊ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ልዩነቱ ያለው በማጭዱ ላይ ነው። እምቦጭ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን አላጠፋቸውም፤ ከውሃ አውጥቶ ቅጠሉ ውስጥ አከማቻቸው እንጂ። ሳይወጣ እዚያው ከሞተ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የበላውን በሙሉ ለውሃው ይመልሳል። የባሰው ደግሞ ብስባሹ በውሃው ውስጥ የቀረችውን አየር ይጨርሳል። የናሳውም ሆነ የኮልካታው ዘዴ የሚሠራው ተክሉ በቁጥጥር ሥር ሆኖ በየጊዜው ስለሚታጨድ ነው። የአባ ሳሙኤል እምቦጭ ደግሞ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ያመረተውን የሚያነሣለት ግን የለም። ስለዚህ ትልቅ የማጣሪያ ጣቢያ መሆን የሚችለው ሐይቅ የቆሻሻ ቋት ሆኖ ቀረ።

ማጨድ ሲባል ደግሞ በአፍ እንደሚነገረው የቀለለ አይደለም። እምቦጭ ከመቶው 90 እስከ 95 እጁ ውሃ ነው። 100 ኪሎ ሲጎተት፣ ሲጫን፣ ሲራገፍ ውሎ ሲደርቅ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይቀራል። የሰው ጉልበትም የማሽን ነዳጅም የሚያልቀው ውሃ ሲሸከም ነው። ለዚህ ነው ብዙ የአረም ነቀላ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት በጭብጨባ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ዳር የሚቆመው። የዚህ ዝግጅት አቅራቢ እምነት፣ ማሽን ከመግዛት በፊት የታጨደው የት ይደርቃል፣ ማንስ ይወስደዋል የሚለው መወሰን አለበት የሚል ነው።

የት ይደርቃል ብቻ ሳይሆን ምን ይደረጋል የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ከመኖሪያ ቤትና ከአትክልት ገበያ በሚወርድ ፍሳሽ ላይ ያደገ ተክል ለባዮጋዝ ይሆናል፤ በደንብ ሙቀት ተሰጥቶት ቢብላላም ኮምፖስት ይወጣዋል። በባንግላዴሽ ገበሬዎች ያንኑ እምቦጭ ከምረው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መደብ ይሠሩበታል፤ በመደቡ ላይም አትክልት ያበቅላሉ። በኬንያ ኪሱሙ ዳርቻ ደግሞ ግንዱን አድርቀው ይገምዱታል፤ ቅርጫትና ወንበር ይወጣዋል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ውሃ የወጣ እምቦጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ነው፤ ተክሉም ክሮሚየሙን በሥሩ ይዞታል። ይህን ለከብት መስጠት ወይም ኮምፖስት አድርጎ ማሳ ላይ መበተን ማለት ከወንዙ የወጣውን መርዝ በእጅ ወደ ሰው ገበታ መመለስ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ተለይቶ መድረቅና እንደ አደገኛ ቆሻሻ መወገድ አለበት።

ይህ ደግሞ ወደ ሾላ ይመልሰናል። በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ የአትክልት ገበሬዎች ከወንዙ እየቀዱ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት ያለማሉ፤ ከተማውም ይበላል። በእነዚህ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶችን ያገኙ ጥናቶች ደጋግመው ወጥተዋል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ውሃ የለውም። ስለዚህ ከገበያው ቦይ ወርዶ የሄደው ውሃ ጎመን ሆኖ ተመልሶ ገበያ ሊገባ ይችላል። ጎመን መርጣ የምትገዛ እናት ቅጠሉን አገላብጣ ታያለች፤ ብረት ግን በዓይን አይታይም፤ በማጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ታዲያ የካ ውስጥ ምን ሊደረግ ይችላል? በመጀመሪያ ሊደረግ የማይገባውን እንናገር። እምቦጭን ከአባ ሳሙኤል አንሥቶ ወደ እንጦጦ ጅረቶች፣ ወደ መናፈሻ ኩሬዎች ወይም ወደ ግቢ ገንዳ ማምጣት ጥፋት ነው። አንዲት ቁራጭ ይበቃዋል። ቀጥሎ የአየር ጠባዩ ነገር አለ። እምቦጭ ሙቀት ወዳድ ነው፤ የእንጦጦ ግርጌ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ቅጠሉ ይመታል፤ ሥራውም ይዳከማል። እምቦጭ አስቀድሞ ባለበት ቦታ፣ በአባ ሳሙኤልና በቆቃ፣ በሥርዓት ማጨድና ማሠራት ተገቢ ነው። ባልደረሰበት ቦታ ግን አገር በቀል ተክል አለ።

አገር በቀሉ ተክል ሾላ ገበያ ላይ በእስር የሚሸጠው ያ ቄጤማ ነው፤ ፊላም ነው፤ ሸምበቆና ደንገልም ናቸው። እነዚህ ተንሳፋፊ ስላልሆኑ በጠጠር ላይ ይተከላሉ። አሠራሩም ሰው ሠራሽ ረግረግ ይባላል። ከጉልበት በላይ የማይዘልቅ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈርና ወለሉ ውሃ እንዳያሰርግ ይዘጋል፤ ጠጠር ይሞላል፤ በጠጠሩ ላይ ፊላ ወይም ቄጤማ ይተከላል። ፍሳሹ አስቀድሞ በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ አርፎ አሸዋውንና ቅባቱን ከጣለ በኋላ በአንድ ጫፍ ይገባል፤ ከጠጠሩ በታች ሳይታይ፣ ሳይሸት፣ ትንኝ ሳያራባ፣ ቀስ እያለ ቀናት ወስዶ በሌላው ጫፍ ይወጣል። የማዝቀጫ ገንዳውን የዘነጋ ሰው በአንድ ክረምት ጠጠሩ በደለል ይደፈንበታል፤ ብዙ እንዲህ ያለ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ይህ የወረቀት ሐሳብ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ ከተማ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን በባክቴሪያ ገንዳዎች ካሳለፉ በኋላ በእነዚህ ዓይነት የረግረግ ተክሎች ሲያጣሩ ለዓመታት ሠርተውበታል። በጅማ ደግሞ የአወይቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ረግረጉ ማንም ሳይከፍለው ውሃውን ሲያጣራ መኖሩን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አጥንተዋል። ረግረግን «ባዶ መሬት» ብሎ አፈር መድፋት የማጣሪያ ጣቢያ ማፍረስ ነው።

ሰው ሠራሽ ረግረግ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን ውሸት ይሆናል። መሬት ይፈልጋል። ለአንድ ሰው ፍሳሽ ሁለት ካሬ ሜትር ይበቃል ቢባል እንኳ ለ1,000 ሰው 2,000 ካሬ ሜትር ነው፤ በየካ ይህን ያህል መሬት በዋዛ አይገኝም። ለትልቅ ከተማ ፍሳሽ ትልቅ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ ያለው ለዚህ ነው። በየካው ኮተቤ በኩልም የፍሳሽ ማንሻ ቦቴዎች የሚያራግፉበት የዝቃጭ ማድረቂያ ኖሯል። ይሁን እንጂ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ብዙ ቤት፣ ብዙ ገበያ፣ ብዙ የመኪና ማጠቢያ አለ። የረግረጉ ቦታ እዚያ ነው፤ በገበያ ማስወገጃ ቦይ ጫፍ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ዳር፣ በኮንዶሚኒየም ጓሮ፣ በወንዝ ዳርቻ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ነበር። በዳርቻው ሣርና አበባ ከመትከል ጎን ለጎን ቦዮች ወደ ወንዝ በሚገቡበት አፍ ላይ ቄጤማና ፊላ ቢተከል መናፈሻውም አይጎዳም፣ ወንዙም ይጠቀማል።

ተክል የማይሠራውንም ማወቅ ደግ ነው። ረግረግ አልፎ የወጣ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ለመጠጥ አይሆንም። የኮሌራና የታይፎይድ ተሕዋስያን ይቀንሳሉ እንጂ ፈጽመው ላይጠፉ ይችላሉ፤ የወስፋት እንቁላልም እንዲሁ። ለዛፍ፣ ለአበባና ለሣር ማጠጫ፣ ለግንባታ ሥራ ይውላል፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም። ክሮሚየም የሚያወጣ ፋብሪካም ክሮሚየሙን በገዛ ግቢው ከፍሳሹ ሳይለይ «ረግረጉ ያጣራዋል» ብሎ ወደ ወንዝ መልቀቅ የለበትም።

የእምቦጭን ጥፋት በሌላ ፍጥረት የመለሱም አሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእህል ነቀዝ ዘመድ የሆኑ፣ ከእምቦጭ በቀር ሌላ የማይበሉ ትንንሽ የደቡብ አሜሪካ ጥንዚዛዎች ተለቀቁ፤ አረሙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። በኢትዮጵያም እነዚሁ ነፍሳት በምርምር ጣቢያ ተራብተው ተሞክረዋል። ግን ጥንዚዛው የበላው ቅጠልም ወደ ውሃው ይወድቃል፤ ማዳበሪያው እዚያው ይቀራል። ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ እስካልቀነሰ ድረስ አረሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ቪክቶሪያ ላይም ተመልሶ መጥቷል።

አንድ ተግባራዊ ነገር እንጨምር። በየካ ጅረቶች፣ በእንጦጦ መናፈሻ ኩሬዎች ወይም በሰፈር ውሃ ማቆሪያ ላይ ክብ አብረቅራቂ ቅጠል፣ ያበጠ አንገትና ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ያየ ሰው፣ አበባውን ቀጥፎ ወደ ቤት እንዳይወስድ። ሥሩ ጭምር ሳይበጠስ ከነሙሉ አካሉ ይውጣ፤ ዘር ሳያፈራ ቢሆን ይመረጣል። ከውሃው ራቅ ብሎ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ላይ ተዘርግቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ በፀሐይ ይድረቅ። ያገኘበትን ቦታም ለወረዳው ግብርና ወይም አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቢያንስ ለአንድ ክረምትና ለአንድ በጋ፣ ያንኑ ውሃ እየተመለሰ ማየት አለበት፤ ከጭቃው ሥር የቀረ ዘር ካለ የሚበቅለው ውሃው ሲጎድልና ፀሐይ ጭቃውን ስታገኘው ነውና።